ከጀልባው ወለል ሥር ያለው በግ

አንድ ጊዜ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር የሚኖር አያ አንበሶ የሚሸጥ ጀልባ ነበረው። ጀልባ ስላችሁ ከደንገል የታሰረ ታንኳ እንዳይመስላችሁ። በናፍጣ ሞተር የሚሄድ፣ ጣሪያና መስኮት ያለው ክፍል የተሠራለት፣ በክፍሉ ውስጥ አልጋና ጠረጴዛ የተዘረጋበት ባለማዕረግ ጀልባ ነው። አዲስ አይደለም፤ ግን አሮጌ ብሎ የሚደፍረውም የለም። የምትይዘው እመት አህዪት ነበረችና ዘይቱ ሳይጠቁር ይቀየራል፣ ፊልትሮው ይጸዳል፣ ሳንቃው ክረምት ሳይገባ ቀለም ይቀባል። ልጅ ያልወለደችው እመት አህዪት ጠዋት ጠዋት ሞተሩን በጨርቅ ስትወለውለው ያያት ሁሉ ሕፃን የምታጥብ ይመስለው ነበር።

አያ አንበሶ አንድ ቀን ቀበሮን አስጠራው። ቀበሮ ደላላ ነው። በዚያ አገር ቀበሮ ያልሸጠው ነገር የለም፤ ከሱ ገዝቶ ያልተጸጸተም የለም። ለዝንጀሮ ማር ሞልቶታል ብሎ ዝንብ የሞላው ቀፎ ሸጦለታል። ለከርከሮ ቀድሞ ተቆፍሮ ያለቀ የድንች ማሳ አስማምቶለታል። ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ ለምትዞረው ለኤሊ ሳይቀር ጃንጥላ ሸጦላታል፤ እሷም እስከዛሬ የምትይዝበት እጅ ትፈልጋለች።

አንበሳው ጀልባውን ዝናቡ ሳይገባ እንዲሸጥለት አዘዘው። በምትኩ የሚፈልገው ለዋሻው የሚነጠፍ ቆዳ ነው፤ የዘንድሮው ብርድ አጥንቱ ድረስ ገብቶበታል። ቀበሮ ግን ነገሩ አልገባውም።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ጀልባ ለምን ይሸጣሉ?»

አንበሳው ግራ ቀኝ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ጀልባው ገና ከዳር ሲነሳ የንጉሡ ሆድ ይገለበጣል። ባለፈው በደሴቶቹ ያሉትን ተገዢዎቹን ሊጎበኝ ወጥቶ ምሳውን በሙሉ በመስኮት አስወጥቶት ተመልሷል። ያኔ ያየችው እመት አህዪት ብቻ ነበረች፤ እሷም ወሬ አትወድም።

«ይህ ነገር ከአፍህ የወጣ ዕለት፣» አለው አንበሳው፣ «ከቆዳዎቹ ጋር ያንተም ይነጠፋል። ሳትሸጠው ዝናቡ ቢገባም እንደዚያው። ከሸጥክልኝ ግን ከዛሬ ጀምሮ የንጉሥ ደላላ ትባላለህ።»

ቀበሮ ጭራውን እየቆላ ወጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንከን የሌለው ዕቃ እጁ ገብቷል። መዋሸት አያስፈልገውም፤ ያለውን እንዳለ መናገር ብቻ ነው። ሥራ እንዲህ ቀላል ከሆነስ እስከዛሬ ለምን ደከምኩ እያለ ሄደ።

በማግሥቱ አራዊቱን ሁሉ ወደ ሐይቁ ዳር ጠራ። ሞተሩ በሚገባ የተያዘ መሆኑን፣ ናፍጣ ቆጣቢ መሆኑን፣ ከሳንቃው አንዱም እንዳልበሰበሰ ነገራቸው። ሁሉም እውነት ነበር። አራዊቱ ግን ይህን ሁሉ ከዚያው አፍ፣ በዚያው ድምፅ፣ ስለ ቀፎውም ሰምተውታል።

ዝንጀሮ ቀድሞ ገባ። ለገዢ እንዳያስቸግር አስቀድመው አሙቀውት ይሆናል ብሎ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ቁልፉን አዞረ፤ በአንዴ ተነሳ። ጥቁር ጭስ ቢጠብቅ የለም። ከርከሮ በጥርሱ ቀለሙን ቧጠጠ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ጤነኛ ነው። ኤሊ ወለሉ ላይ እየተሳበች ውሃ ፈለገች፤ ጠብታ የለም። ደህና ነገር ባገኙ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ መጣ።

«ቀፎው እንኳ ቢያንስ ዝንብ ነበረበት፣» አለ ዝንጀሮ። «ይሄ ምንም የለበትም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈራኛል።»

«ደህና ከሆነስ፣» አለች ኤሊ፣ «ንጉሡ ለምን ይሸጡታል?»

ቀበሮ አፉን ከፈተ። የራሱ ቆዳ በአንበሳው ዋሻ ተነጥፎ ታየውና መልሶ ዘጋው። «እንዲሁ ነው፣» አለ በመጨረሻ። አራዊቱ እርስ በርሳቸው ተያዩና ተራ በተራ ውልቅ ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቀበሮ ያላናገረው የለም። ሁሉም ያችኑ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ እሱም ያችው መልስ ናት ያለችው። ደመናው በተራራው አናት መሰብሰብ ጀመረ። ቀበሮ እንቅልፍ አጣ፤ ፈራም። ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ሲቆዝም እመት አህዪት ሞተሩን እየወለወለች አየችውና ሳቀችበት።

«ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ፣» አለችው። «አንድ ብሎን አላልቼ እተውልህ ነበር። እነዚህ እኮ እንከን ካላዩ አይገዙም።»

እሷ ለቀልድ ነው ያለችው። ቀበሮ ግን ጆሮው ቀጥ አለ። የጎደለው ነገር እንከን ነው። እንከን ከሌለ ደግሞ መፍጠር ነው፤ መፍጠር ለሱ ምን ያቅተዋል?

በሐይቁ ማዶ አያ ጅቦ ይኖራል። ለክፉ ቀን እበላዋለሁ ብሎ ያከማቸው ደረቅ ቆዳ ዋሻውን እስከ ጣሪያው ሞልቶታል። ቀበሮ ዳር ዳሩን ዞሮ ሄደና የሚሰማቸው ሰው ሳይኖር በሹክሹክታ ጀመረው።

«አያ ጅቦ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ። ጀልባው እንከን አለበት።»

አያ ጅቦ እንከን ያለበት ነገር አለኝ የሚል ደላላ አይቶ ስለማያውቅ ወዲያው አመነው። «ምን ሆነ?» አለ።

«አምና ንጉሡ የሰባ ሙክት አስጭነው ሲመጡ በጉ ሾልኮ ከወለሉ ሥር ገባና እዚያው ቀረ። ሳንቃውም በላዩ ተመታበት። ሽታው ንጉሡን ስላስመረራቸው ነው የሚሸጡት።»

የአያ ጅቦ ምራቅ እግሩ ላይ ጠብ አለ። «ላቱስ?»

«እናቴ ትሙት፣ ላቱ እንዳለ ነው።»

አያ ጅቦ እየሮጠ መጣ። ጀልባው ውስጥ ገብቶ አሸተተ፤ የሸተተው ግን ሳሙናና ናፍጣ ነው። ደግሞ አሸተተና ግራ ገባው። ቀበሮ፣ አህዪት አብዝታ ስለምታጥበው ተራ አፍንጫ እንደማይደርስበት ነገረው። አያ ጅቦ ደግሞ አፍንጫው ተራ እንዲባልበት አይፈልግም። «እኔን እኮ ገና ከውጭ ነው የሸተተኝ፣» አለ።

በዚሁ ተስማሙ። ቀበሮ ጀልባውን ነድቶ ወደ ማዶ ሊሄድ፣ ቆዳውን ጭነው ሊመለሱ፣ ቆዳው አራዊቱ ፊት ለንጉሡ ሲሰጥ ጀልባው የአያ ጅቦ ሊሆን። በማግሥቱ እመት አህዪት መሪውን እንዴት እንደሚይዝ ለቀበሮ አሳየችው። ተሳፋሪው ማን እንደሆነ ስታይ ግን ወርዳ ራቅ ብላ ቆመች። ገመዱ ሲፈታ ብቻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አደራ አለች።

«የወለሉን ሳንቃ ማንም እንዳይነካብኝ። ከሱ በታች ያለው ሐይቁ ነው።»

ወደ ማዶ ሲሄዱ ሁሉም ደህና ነበር። ቆዳውን ጫኑ፤ ክፍሉ ሞላ። ሲመለሱ ቀበሮ መሪውን ይዞ የንጉሥ ደላላ መባልን እያጣጣመ ነበር። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስል ይሄዳል። በዳር የተሰበሰቡት አራዊት መታየት ጀመሩ። አያ አንበሶም በመካከላቸው ቆሟል።

አያ ጅቦ ግን በክፍሉ ውስጥ በዚያ ሁሉ ቆዳ መካከል ተኝቶ አፍንጫው እረፍት አጣ። ቆዳ ይሸተዋል። እሱ ደግሞ በጉ ሸተተኝ ብሎ አመነ። ጆሮውን ወለሉ ላይ አስደግፎ አዳመጠ፤ ከታች ቦጭ ቦጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ላቱ ነው አለ በልቡ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላሰበም።

ቀበሮ ቋ የሚል ድምፅ ሰምቶ ሲሮጥ አያ ጅቦን ሳንቃ በአፉ ይዞ አገኘው።

«አያ ጅቦ፣ ተው። በግ የለም። ዋሽቼህ ነው።»

«ትናንት በግ አለ አልክ፤ ቆዳዬን ስጭን የለም ትላለህ?» አለ አያ ጅቦ ሳንቃውን ሳይለቅ። «ለብቻህ ልትበላው ነው።»

«እናቴ ትሙት የለም።»

«አለ ስትልም እናትህን ነው የገደልካት።»

ቀበሮ ለመነ፣ ጭራውን ይዞ ጎተተ፣ አለቀሰ። በዕድሜው እንደዚያች ሰዓት ከልቡ እውነት ተናግሮ አያውቅም። አያ ጅቦ ሁለተኛውን ሳንቃ ሲነቅል ከሥሩ ውሃ ፏ ብሎ ወጣ። አያ ጅቦ ፊቱ በራ።

«መረቁ መጣ፣» አለ።

ጀልባው አራዊቱ ሁሉ እያዩት ሰጠመ። ሞተሩ ውሃ እስኪውጠው ድረስ መሥራቱን አላቆመም። ቆዳውም አብሮ ወረደ። ቀበሮ እየዋኘ ወጣ፤ አያ ጅቦም ሳንቃውን በአፉ እንደያዘ ተከተለው፤ ዳር ደርሶም መጀመሪያ ያለው ይህን ነው፦

«ጀልባው ይቅርብኝ። በጌን ስጡኝ።»

«የምን በግ?» አለ አያ አንበሶ።

ቀበሮ ከዚህ በኋላ የሚያመልጥበት አልታየውም። ጀልባው ጤነኛ መሆኑን ነግሯቸው ስላላመኑት በጉን እንደፈጠረ፣ ለምን ይሸጣል ሲሉት መልስ እንዳጣ ተናገረ።

«እና ለምንድን ነው የሚሸጠው?» አለ ዝንጀሮ።

አንበሳው ቀበሮን አየው፤ ቀበሮም አንበሳውን አየው። የራሱ ቆዳ እንደሆነ ዛሬ አንዴ ሄዷል፤ ቢያንስ ከነእውነቱ ይሂድ ብሎ ቆረጠ።

«ንጉሡን ሐይቅ ላይ ያስመልሳቸዋል፣» አለ።

ከርከሮ በሳቅ ጎኑ ላይ ወደቀ። አንበሳ ሲያስመልሰው! ዝንጀሮ ሆዱን ያዘ፤ ኤሊ እንኳ አንገቷን አውጥታ ሳቀች። ቀበሮ እየሞተም ይዋሻል ተባባሉ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው አያ አንበሶ ነበር፤ ሲስቅ ግን ግንባሩን አላበው። ሳቁ ሲበርድ ፍርዱን ሰጠ።

«የቀበሮን ቆዳ ብወስድ የተናገረው እውነት ይመስላል፤ ስለዚህ ትቼለታለሁ። ጀልባዬም ጠፋ፣ ጠፋ። ስለ በጉ ግን የማውቀው የለኝም። አያ ጅቦ፣ በጉን የሸጠልህ ማን ነው?»

«ቀበሮ።»

«እንግዲያው ከሱ ተቀበል።»

አያ ጅቦ ሳንቃውን ጣለና ወደ ቀበሮ ዞረ። ከላይ እስከ ታች አየው፤ ጭራው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ቀበሮ ከዚያ በኋላ አልጠበቀም፤ ሮጦ ጉድጓድ ገባ። እስከዛሬም የቀበሮ ጉድጓድ አፉ ጠባብ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሲመሽ ሲመሽ አንድ ትልቅ አፍንጫ ከበሩ ላይ ይደቀንና «ላቱስ?» ይለዋል። በግ የለም ብሎ ይምላል፤ የሚያምነው የለም።

አራዊቱ ከሄዱ በኋላ እመት አህዪት ብቻዋን ከሐይቁ ዳር ቀርታ ነበር። ውሃው ላይ የናፍጣ ቅባት ሲዘረጋ ለረጅም ጊዜ አየች። ጨርቋ አሁንም በእጇ ነው።

«ዘይቱን እኮ ትናንት ነበር የቀየርኩለት፣» አለችና እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው ጤነኛውን ነገር ለመሸጥ ብለን በአፋችን የፈጠርንለት ቀዳዳ፣ አንድ ቀን እውነተኛ ቀዳዳ ሆኖ እኛንም የለፋውንም ሰው ልፋት ይዞ እንደሚሰጥም ነው።