የአሥራ አራተኛው ጥያቄ መልስ

አንድ አሠልጣኝ ነበረ። መጋቢት አሥራ ሦስት ቀን የአሠልጣኝነት የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። ሚያዝያ አሥራ አምስት ቀን፣ በአሥር ሺህ ሜትር ውድድር አሥራ ሰባተኛው ዙር ላይ፣ የአንዲት ሯጩ ቅልጥም ተሰበረ።

ይህን የተናገሩት ጋሼ እንግዳወርቅ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት አሠልጣኞችን ሲያስተምሩና ሲፈትኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የነገሩት ለይርጋ ነው። ይርጋ በአንዲት ደጋ ከተማ የረጅም ርቀት ሯጮችን የሚያሠለጥን፣ ፈተናውን ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ የታጨቀበት ክላሰር በብብቱ ይዞ መጣና ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሰለቸኝ» አላቸው። «ልጆቹን ማሠልጠን አላቃተኝም። ያቃተኝ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ማወቅ ነው። እርስዎ ያውቁታል። የሚፈልጉትን መልስ ይንገሩኝና ጽፌ ልገላገል።»

ጋሼ እንግዳወርቅ ክላሰሩን ተቀብለው ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ፤ ማኅተሞቹን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልሰውም ሰጡት። ከዚያ የዚያን አሠልጣኝ ነገር አነሡ።

ሰውየው ሥራውን ያውቅ ነበር። በወጣትነቱ ራሱ ሮጧል፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሌሎችን ማስሮጥ ጀመረ። አሥራ ስድስት ሯጮች ነበሩት። ጠዋት ጠዋት በባሕር ዛፉ ደን ውስጥ በአንድ መስመር ያስሮጣቸዋል፤ የኋለኛው የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ። እነሱ ሲጨርሱ እሱ ብቻውን በመጡበት መንገድ ይመለስና መሬቱን ያነባል። በበልግ ዝናብ የራሰ ቀይ አፈር የእግርን ነገር አይደብቅም። ሊያየው የፈለገውን ሯጭ ሁልጊዜ ከመስመሩ መጨረሻ ያሰልፈዋል፤ ከላይ የሚቀረው ዱካ የኋለኛው ነውና። ማን እንደደከመ፣ ማን ጫማው እንደጠበበው፣ ማን ማታ ሳይተኛ እንደመጣ ከዱካው ይናገር ነበር። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም።

ከዚያ መመሪያ ወጣ። የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው በውድድር ቀን ወደ ማሟሟቂያው ሜዳ አይገባም፤ በመዝገብም አሠልጣኝ ተብሎ አይጻፍም። ሰውየው በዚያ ዓመት ከሽቦ አጥሩ ውጪ ቆሞ ሯጮቹን በጩኸት አሟሟቀ። አንዷ በአምስት ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወጣች። በመዝገቡ ላይ አሠልጣኟ ተብሎ የተጻፈው ወረቀት ያለው ሌላ ሰው ነው። የዚያ ሰው ድርሻ ስትመጣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ መቀመጡ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሰውየው ለአሠልጣኝነት ትምህርቱ ሊመዘገብ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ከክለብ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ አለችው። ወደ ክለቡ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ቅን ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። «ወንድሜ፣ የምስክር ወረቀት ሳይኖርህ አሠልጣኝ ነው ብዬ ብጽፍልህ እኔን ይጠይቁኛል» አለው። ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ከመስኮቱ ወደ ክለቡ፣ ከክለቡ ወደ መስኮቱ ሲል የምዝገባው ጊዜ አለፈ። አንድ ዓመት በዚህ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤውን ከቀበሌው የስፖርት ኮሚቴ አገኘና ገባ። ትምህርቱ አሥር ቀን ነው። የአንደኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ሁሉንም የአትሌቲክስ ዓይነት ያጠቃልላል ተባለ፤ አሎሎ፣ ርዝመት ዝላይ፣ መሰናክል፣ ጦር ውርወራ። ሰውየው በዕድሜው ጦር በእጁ ይዞ አያውቅም። በተግባር ፈተናው ቀን ወረወረው፤ ጦሩ አልተተከለም፤ በሆዱ ወድቆ በሣሩ ላይ ሩቅ ተንሸራተተ። አብሮት የሚፈተን ጎረምሳ «የጋሼ ጦርም የረጅም ርቀት ነው» አለ። ፈታኞቹ ሳይቀሩ ሣቁ። ሰውየው ወደቀ።

በሦስተኛው ዓመት ጦሩን ተከለው። ክረምቱን በሙሉ ከከብቶች ጋር እየተሻማ በመስክ ላይ የአጣና ዱላ ሲወረውር ከርሞ ነበር። የወደቀው በጽሑፉ ነው፤ በአራት ነጥብ። አሥር ነጥብ የሚያሰጠውን አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ዜሮ አግኝቶበታል። ጥያቄው እንዲህ ይላል። አንዲት የረጅም ርቀት ሯጭ ሦስት ሳምንት የቆየ የቅልጥም ሕመም አላት። ለውድድር አምስት ሳምንት ቀርቷል። ምን ታደርጋለህ? እሱ የጻፈው ለስላሳ መስክ ላይ አስሮጣታለሁ፣ ፍጥነቷን እቀንሳለሁ፣ ሥራዋን ግን አላቋርጥም፣ አጥንት የሚጠነክረው በሥራ ነው የሚል ነበር።

ለምን ዜሮ እንደሆነ ጠየቀ። ከመምህራኑ አንዱ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ አስረዳው። አጥንት ሥዕል ሥሎ፣ በሥራ የሚሰነጠቀው በዕረፍት እንደሚጠገን፣ ዕረፍት ያላገኘ ስንጥቅ ደግሞ አንድ ቀን ወለል ብሎ እንደሚከፈት ነገረው። ሰውየው በትሕትና ሰማ። በልቡ ግን ይህ ሰው ጭቃ ረግጦ አያውቅም እያለ ነበር። ጦር ያስወረወሩኝ ሰዎች፣ በደብዳቤ ዓመት ሙሉ ያመላለሱኝ ሰዎች፣ አሁን ደግሞ ስለ ሯጭ እግር ሊነግሩኝ ነው አለ።

በአራተኛው ዓመት፣ የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ከሯጮቹ አንዷ ቀኝ ቅልጥሟን ታሽ ጀመር። የገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ይህን ዓመት ሞክሪ፣ ካልሆነ ተመለሺ ብሏታል። በሚያዝያው ውድድር ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡትን አንድ ክለብ ሊወስዳቸው ነበር፤ ማደሪያና ደመወዝ አለው። ሰውየው ልጅቷን ከመስመሩ መጨረሻ አሰለፋትና ዱካዋን አየ። የግራ እግሯ ተረከዝ ጭቃው ውስጥ ገብቷል። የቀኙ እንደ ዶሮ ጭረት ነው።

«ያምሻል?» አላት።

«ሲሞቅ ይተወኛል፣ ጋሼ።»

ወደ ለስላሳው መስክ ወሰዳት፣ ፍጥነቷን ቀነሰ፣ ሥራዋን አላቋረጠም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አሳለፈችና ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ሊፈተን ሄደ። ጦሩን ወረወረ፤ መሰናክሉን ዘለለ። በጽሑፉ ቀን አሥራ አራተኛው ጥያቄ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ እዚያው ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ከፈተናው በፊት አንድ ጓደኛው መክሮት ነበር። «የአንተን ዕውቀት ማን ጠየቀህ? የራሳቸውን መልስ ስጣቸውና ውጣ» ብሎታል። ሰውየው ብዕሩን አነሣና በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ጻፈ። ልጅቷ ሩጫ ታቆማለች። ሐኪም ያያታል። በውድድሩ አትሳተፍም። ከዚያ ወደ አሥራ አምስተኛው ጥያቄ አለፈ።

ይህን ሲጽፍ ልጅቷ ትዝ አላለችውም። ትዝ ያለው የሽቦ አጥሩ በር ነው። አራት ዓመት የደከመ ሰው ነበር።

አለፈ። የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ፤ ፎቶ ተነሣ፤ ባጅ ተሰጠው። ዓርብ ማታ ከተማው ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ሯጮቹ ተሰልፈው ጠበቁት፤ ልጅቷ ከመስመሩ መጨረሻ ነበረች። እንኳን ደስ አለዎት አሉት፤ አጨበጨቡለት። እሱም አስሮጣቸውና ብቻውን ተመልሶ ዱካውን አየ። የቀኙ ተረከዝ አሁን ጭቃውን ጨርሶ አልነካም። ቀኑን ቆጠረ። ለውድድሩ የቀረው አንድ ወር ያህል ብቻ ነበር። ሰኞም እንደ ወትሮው ለስላሳው መስክ ላይ ትሮጫለሽ አላት።

በውድድሩ ቀን ጥበቃው ባጁን አንብቦ በሩን ከፈተለት። «ይግቡ፣ አሠልጣኝ» አለው። ሰውየው ገባ። ማሟሟቂያው ሜዳ መሐል ደርሶ የት እንደሚቆም ጠፋው። ስንት ዓመት በሽቦ ቀዳዳ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው፤ ሯጮቹ አጠገቡ ቆመውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራቸው ነበር። ልጅቷ ሣቀችበት። «እዚሁ ነን እኮ፣ ጋሼ» አለችው።

አሥራ ስድስት ዙር ከመሪዎቹ ጋር ሮጠች። በአሥራ ሰባተኛው፣ መታጠፊያው ላይ፣ ወደቀች። ተነሥታ ለመቆም ሞከረች፤ እግሯ አልያዛትም። በቃሬዛ ወደ ድንኳኑ ወሰዷት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰውየው ከአጥሩ ውጪ ይቀር ነበር። አሁን ባጁን አሳየና አጠገቧ ተቀመጠ።

ነርሱ እግሯን በጣውላ አድርጎ ሲያስር፣ ሕመሙን ለመርሳት ይሁን ለሌላ፣ ልጅቷ ፈተናው ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀችው። ሰውየው መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም። አሥራ አራተኛውን ጥያቄ እንዳለ ነገራት፤ ሦስት ሳምንቱንም፣ አምስት ሳምንቱንም። ልጅቷ አዳመጠች።

«ምን ብለው መለሱ?» አለችው።

«ሩጫ ታቆማለች። ሐኪም ያያታል። በውድድሩ አትሳተፍም።»

«አገኙት?»

«አገኘሁት።»

ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። በሳምንቱ አባቷ መጥቶ በክራንች ወሰዳት።

ሰውየው ግንቦት ላይ የምስክር ወረቀቱን ሊመልስ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ መዝገቧን አገላበጠችና ለመመለሻ የሚሆን ቅጽ እንደሌለ ነገረችው።

ጋሼ እንግዳወርቅ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ይርጋ ዞሩ።

«ይርጋ፣ ስለ ጽሕፈት ቤቱ የምትለው ሁሉ እውነት ነው» አሉት። «ደብዳቤው ከንቱ ድካም ነው። ማራቶን የሚያስሮጥን ሰው ጦር ማስወርወርም ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ ሁሉ ገለባ ውስጥ ግን አንዲት ፍሬ ነበረች። ሰውየው በገለባው ተናዶ ፍሬዋን አብሮ ደፋት። ሳይነግሩት ቀርተው አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነግረውታል። ያልሰማው የነገሩት ሰዎች ስላስቀየሙት ነው። አየህ፣ ልጅቷን ወረቀት ላይ አሳረፋት፤ መስክ ላይ አስሮጣት። አንተም የሚፈልጉትን ንገሩኝ፣ ጽፌ ልገላገል አልከኝ። እሱም ያደረገው ይህንኑ ነው። ተገላገለም። በእሱ ፈንታ መልሱን የተሸከመችው ልጅቷ ናት።»

ይርጋ ክላሰሩን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አሁን ከልጆችህ የሚያነክስ አለ?» አሉት።

ይርጋ መሬት መሬት አየ። «አንድ አለ» አላቸው።

«እንግዲያው መልሱን ለፈታኙ ሳይሆን ለእሱ ንገረው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ የምትጽፈው አይጠፋህም።»

ይርጋ ለመሄድ ተነሣ። ጥቂት እንደራመደ አንድ ነገር ከንክኖት ተመለሰ። ሰውየው በዚያን ቀን ወረቀቱ ላይ ምን እንደጻፈ፣ ቃል በቃል፣ እንዴት ሊያውቁ እንደቻሉ ጠየቃቸው።

«ያረምኩት እኔ ነኝ» አሉት ጋሼ እንግዳወርቅ። «የፊተኞቹን ወረቀቶቹንም ያረምኩት እኔ ነበርኩ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ይህን ነገር እንደማያምንበትም አውቅ ነበር። በዚያን ቀን ስልሳ ሁለት ወረቀት ነበረብኝ፤ ደክሞኝ ነበር። መልሱ ልክ ነው ብዬ ሙሉ አሥር ሰጠሁት። ከጎኑም ‹ጎበዝ› ብዬ ጻፍኩበት።»