የጭቃው ሜዳ ሕግ

በዚያ ዱር ሥልጣን የሚታደለው በጥርስ ርዝመት ነበር። አንበሳ ይገዛል። አያ ጅቦ አጋፋሪ ሆኖ ደጅ ያስጠናል። ቀበሮ ንጉሡ ያሰበውን ቀድማ ትናገራለች። ሣር የሚግጡት ደግሞ እየተበሉ ያመሰግናሉ።

ይህ ሥርዓት የሚታጠፈው በሰባት ቀን አንዴ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ሁሉም ወንዝ ወርዶ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ጥቁር ጭቃ ይለቀለቃል፤ በላዩም ቅጠልና ገለባ ይለጥፋል። መልክ ይጠፋል፣ ጠረን ይጠፋል፣ ቁመት እንኳ አይለይም፤ ጥንቸሏ ቀበሮ፣ ቀበሮዋ ሚዳቋ ትመስላለች። ከዚያ ሜዳው ላይ የገና ጨዋታ ኳስ፣ ሩር፣ ሲያሳድዱ ይውላሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የሰዎች አባባል ዱር ድረስ ዘልቆ ስለ ነበር፣ ማን ማንን እንደ ረታ አይጠየቅም።

እመት ሚዳቋ ይህን ቀን አብዝታ ትወደው ነበር። ስድስቱን ቀን ነፍሷን ለማትረፍ የምትሮጥበት እግሯ በሰባተኛው ለደስታ ይሮጣል፤ ሩሩንም ከእሷ የሚቀማ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ሁለት ግልገሎች ደብቃለች፤ ቤቷን ከጎረቤቷ ከአባ ኤሊ በቀር የሚያውቅ የለም።

ክረምቱ እንደ ወጣ አንድ ጭቃ ለባሽ ተነሣባት። በአሯሯጧ ለይቷት ሩሩን ትቶ እሷን ያሳድዳል። ድምፁን ለውጦ «አንቺ ለምሳ የተፈጠርሽ፣ ማን ሜዳ ጠራሽ?» እያለ ተረከዟን ይነክሳል። ጨዋታው ሲያበቃ ወንዝ ገብቶ ይታጠብና ከሌሎቹ ጋር «ደኅና እደሪ» ይላታል። ከደኅና እደሪ ባዮቹ የትኛው እንደ ሆነ ግን አታውቅም። ከቁስሉ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነው።

በአራተኛው ሳምንት እያነከሰች ጉባኤ ፊት ቆመች።

ቀበሮ ቀድማ ተነሣች። «ጭቃው ይቆይ፤ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ነገር ግን ጭቃ የሚለብስ ሁሉ አስቀድሞ ስሙንና ቤቱን ለአያ ጅቦ በጆሮው ይንገር። የታወቀ አይናከስም።»

አባ ኤሊ ቀስ ብሎ ወደ መሐል ወጣ። «ለእያንዳንዱ አንዳንድ ዛጎል ይሰጠውና አንገቱ ላይ ይሰር። የማን እንደ ሆነ አይጠየቅ። የነከሰ ዛጎሉን ይነጠቅ፤ ዛጎል የሌለው ሜዳ አይግባ።»

«ስሙን ሳናውቅ እንዴት እንቀጣዋለን?» አለ አያ ጅቦ።

«ጥርሱን ከልክሉት እንጂ ስሙ ምን ይሠራላችኋል? ስም የሚያስፈልገው ቤት ድረስ ለሚሄድ ነው።»

አንበሳ አዛጋ። በዱሩ ልማድ ጉባኤ የሚዘጋው በተበዳይ ቃል ስለሆነ ሁሉም ወደ እመት ሚዳቋ ዞረ። የአባ ኤሊ ምክር እውነት እንደ ሆነ ሆዷ ያውቃል። ግን ተናዳለች። ያ ነካሽ ጭቃው ታጥቦለት በጉባኤ መሐል ሲያፍር ማየት አማራት።

«ስሙ ይታወቅልኝ» አለች።

ሁሉም እየተሰለፈ በአያ ጅቦ ጆሮ አንሾካሾከ። ተራዋ ሲደርስ እመት ሚዳቋም «ከወንዙ ማዶ፣ ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ሥር። ሁለት ልጆች አሉኝ» አለች። ስለ ልጆቿ የጠየቃት አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሜዳው ሰላም ሆነ። ሦስት ሳምንት ተጫወተች፤ የነካትም የሰደባትም የለም። ደስ ብሏት አያ ጅቦን «ለመሆኑ የነከሰኝ ማን ኖሯል?» ብላ ጠየቀችው።

«ይቅር በይኝ እመት ሚዳቋ፣ የተጫዋች ስም ምስጢር ነው። ያንቺን ለሌላ ብናገር ደስ ይልሻል?» አላት።

በአራተኛው ሳምንት ከጨዋታ ስትመለስ የቋጥኙ ሥር ተምሶ፣ ድንጋዩም እርጥብ ጥቁር ጭቃ ተለቅልቆ አገኘችው። አንዷ ግልገል ከስንጥቁ ውስጥ ገብታ ተርፋለች። ወንድሟ የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ለእናት ግን ተረትና ምሳሌ እንባ አያብስም። አልቅሳ ሲወጣላት የተረፈችውን ልጅ አባ ኤሊ ባሳያት ስፍራ ሸሸገችና ለጉባኤው አቤት አለች።

«የተበደልሽው ሜዳ ላይ ነው?» አለ አንበሳ።

«አይደለም ጌታዬ፣ ቤቴ ነው።»

«ሜዳ ላይስ የነካሽ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ ሕጉ ሠርቷል» አለች ቀበሮ ወደ ጉባኤው ዞራ። ጥርስ ያላቸው አጨበጨቡ። ጥርስ የሌላቸውም፣ እየታዩ ስለ ነበር፣ አጨበጨቡ።

አያ ጅቦ ሐዘንተኛ መስሎ ቀረበ። «ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው፣ እመት ሚዳቋ። ቤት እንደ ቀየርሽም ሰምተናል። እንድንጠብቅሽ አዲሱን ንገሪኝ።»

እመት ሚዳቋ ዓይን ዓይኑን አየችው። ልጇን የበላው እሱ ይሁን፣ ወይም እሱ የነገረው ሌላ፣ አሁንም አታውቅም። ማወቁም እንደ ትናንቱ አላጓጓትም።

«ቤት የለኝም» አለች።

«ልጅስ?»

«ልጅም የለኝም።»

ከሣር ጋጮቹ መዋሸቷን ያላወቀ አልነበረም። ጥንቸሏ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ድኩላው አሳለ። አያ ጅቦ ሁሉንም በየተራ ቃኘና አባ ኤሊ ላይ ቆመ።

«አንተ ጎረቤቷ ነህ። የምትለው እውነት ነው?»

አባ ኤሊ ንጉሡን አየ፣ አያ ጅቦን አየ፤ ከዚያም የግልገሏን መሸሸጊያ በሆዱ እንደ ያዘ አንገቱን ወደ ጀርባው ድንጋይ ውስጥ መለሰ።