ሌንሷን የጋረዳት ጥላ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ።

ቆይ፣ አያቋርጡኝ እትዬ ድንቅነሽ። «አንዲቷ ልጄ ትርንጎ ክፉ እንዳያገኛት ብዬ፣ ለአዋላጅነት ትምህርት ከተማ እንዳትሄድ ብከለክላት ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብለው የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው መልሱ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ይታገሡኝ።

ይህ ፎቶ አንሺ አንዲት ሌንስ ነበረችው። ሰፊ! ምን ያህል ሰፊ ቢሉ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቢያነሣ ከፊት ተራራውን፣ በግራ የጎረቤቱን ግቢ፣ በቀኝ የሌላውን ጎረቤት የባልና ሚስት ጠብ ጠቅልላ ታስገባለች። በሬ በጎን ቢያልፍ ጭራውን ውጭ አታስቀርም። ሰውየው እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላታል። አቧራ እንዳይነካት ንጹሕ መስተዋት ጋረደላት። ደመናው ጎልቶ እንዲወጣ ቢጫ መስተዋት፣ ፊልተር የሚሉትን፣ ደረበባት። ብርሃን እንዳይበዛባት ጠቆር ያለ ሌላ ጨመረ። በዚያ ሁሉ ላይ፣ ፀሐይ በጎን እንዳትወጋት፣ በዚያው ሰሞን የገዛውን የብረት ጥላ አጠለቀላት። ጥላው ብቻውን ቢሆን ደግ ነበር፤ በቀለበት ላይ ቀለበት ሲደራረብ ግን ወደ ፊት ገፍቶ ወጣና የጉድጓድ አፍ መሰለ። እናቴ ትሙት፣ ድመት ብትገባበት መውጫው ይጠፋት ነበር።

እሱ ይህን አላየም። ካሜራው እንደዚያ ነዋ! ሰውየው የሚያየው ከአናቱ ላይ በተሰካች ትንሽ መስኮት ነው፤ ፊልሙ የሚያየው ደግሞ ከሥር ባለችው ሌንስ። በመስኮቷ ሲያዩ ሁሉም ሙሉ ነው።

ታዲያ ከገደል አፋፍ ላይ ያለ አንድ መንደር መሬቱ ተሰነጠቀበትና ሰዉ አገሩን ሊለቅ ሆነ። ግማሹ ወደ ቆላ፣ ግማሹ ዘመድ ወዳለበት፣ ከእንግዲህ ላይገናኝ። በመጨረሻው ቀን «አንድ ላይ አንሣንና እንበተን» ብለው ፎቶ አንሺውን ጠሩት። እሱ ግን መንገድ ለመንገድ ደመና ሲያነሣ ስለመጣ፣ ፊልሙ ላይ የቀረችው የአንዲት ፎቶ ቦታ ብቻ ነበረች። የጭነት መኪኖቹም ሞተር አስነሥተው ይጠብቃሉ።

ሕዝቡ በአፋፉ ተሰለፈ። በዚያ አገር ልማድ ሽማግሌና ባልቴት እንደ አጥር ዳር ዳሩን ይይዛሉ፤ ሕፃናትና ሙሽሮች መሃል ይገባሉ። ከኋላቸው ያለውን ተራራማ ምን ብዬ ልንገርዎ? እግዜር ዓለምን ሠርቶ ሲጨርስ የተረፈውን ሁሉ እዚያ የቆለለው ይመስላል። ሰው አንጋጦ ሲያየው ቆቡ ይወድቃል፤ ቆብ የሌለው ደግሞ አንገቱ ይቀራል።

የመሰናበቻ ንፍሮ ቀርቦ ፎቶ አንሺውም ዘግኗል። ከዚያ ንፍሮ የቀመሰ ከሕዝቡ አይነጠልም፤ ነውር ነው። ከዳር የቆመች አንዲት ባልቴት ጮኸችበት።

«አንተ ቀውላላ! ንፍሯችንን ዘግነህ ብቻህን ማዶ ትቆማለህ? ና ከጎኔ ግባ!»

«ካሜራውን ማን ይያዝልኝ እናቴ?»

«ይቁም እንዳቆምከው! እግሩ ሦስት ነው፣ ካንተ ይሻላል!»

ሕዝቡ ሳቀ። ካሜራው ጥቂት ቆይቶ በራሱ የሚያነሣበት መዘውር ነበረው። ሰውየው መዘውሩን ጠምዝዞ ለቀቀና ሮጦ ከባልቴቷ ጎን ቆመ። ዞሮም ወደ ሌንሷ አየ።

ሌንሷ የለችም።

ከዚያ ዳር የሚታየው የጥላው ጥቁር ብረት ብቻ ነው፤ ሌንሷ ከብረቱ ጀርባ ተሸፍናለች። እሱ ካላያት እሷም አታየውም። በዚህም ዳር በዚያም ዳር የቆሙትን ሽማግሎች ሁሉ ጨለማ ሊውጣቸው ነው። መዘውሩ ደግሞ ጥዝዝ ይላል።

ሰውየው ሮጠ፤ ሚዳቋ ብታየው ታፍር ነበር። ጥላውን ከነፊልተሮቹ ከሥሩ ይዞ ጠመዘዘው። እምቢ አለ። ጥርሱን ነክሶ ደገመውና መንጭቆ አወጣው። ሌንሷ ራቁቷን ቀርታ ፀሐይ ከጎን ስትመታት፣ ባርኔጣውን አውልቆ ከፎቶው ውጭ ቆመና በእጁ ከለለላት። ቀጭ!

«ጅብ አየ እንዴ ይሄ ሰው!» ብላ ባልቴቷ በሳቅ ስትፈነዳ ነው ፎቶው የተነሣው።

ፊልሙ ሲታጠብ ሁሉም አሉ። ባልቴቷ አፏን ከፍታ፣ ሽማግሎቹ በሁለቱም ዳር፣ ተራራው ከእግሩ እስከ ራሱ። ከባርኔጣው ያመለጠ አንድ ጨረር ደግሞ ሰማዩን አቋርጦ በሕዝቡ ትከሻ ላይ አርፏል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራ የኖረው ያንን ጨረር ነበር። መንደርተኛው ግን በተበተነበት አገር ሁሉ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ «ያን ቀን ሰማይ ራሱ ወርዶ ተሰናበተን» ይላል።

እንግዲህ እትዬ ድንቅነሽ፣ ትርንጎ ያቺ ሌንስ ናት። እርስዎ ከአናት ባለችው መስኮት እያዩ «ልጄ ምን ጎደላት?» ይላሉ። እውነትዎን ነው፣ ከዚያ ሆኖ አይታይም። እስቲ ሄደው ዳር ላይ ይቁሙ። እዚያ ምጥ የያዛት ሴት ትርንጎን ስትፈልግ የሚታያት የእርስዎ ብረት ብቻ ነው።

ጥላ አይሁኗት አልልም። እናት ካልሆነች ማን ይሆናል? ብቻ ተጠምዝዞ የተሰካ ብረት አይሁኑ፣ በእጅ የተያዘ ባርኔጣ ይሁኑ። እጅ ይዝላል፣ አውቃለሁ። ጨረርም ያመልጠዋል። ያመለጠውን ለእግዜር ይተዉለት፤ እሱ ብርሃን የት እንደሚያርፍ ያውቃል።