በግ የታሰረለት አክስል

አንድ ሹፌር ነበር፤ ምላሱ ከሚነዳው መኪና ፍሬን የተሻለ ይሠራ ነበር። መኪናው የአቶ ድልነሳው ነው። የኋላ አክስሉ ዘይት እያፈሰ ፍሬኑን ሲያርስበት መካኒኩ፣ «ይህ ከእንግዲህ ጥገና አይመልሰውም፤ ይቀየር» አለ። አቶ ድልነሳው ግን ምክር ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ የማይወዱ ባለጠጋ ናቸው። መጠገኑንም መቀየሩንም ትተው፣ መኪናውን ሲገዙ እንዳደረጉት፣ ደሙ ጎማው ላይ እንዲፈስ የሚታረድ በግ አስጎትተው አመጡ፤ እንግዶችም ጠሩ።

«ስማ አንተ!» አሉት ሹፌሩን፣ ሁሉ እየሰማ። «ደም ከፈሰሰለት በኋላ ክፉ አይነካውም። ዛሬውኑ ጭነህ የአባይን ቁልቁለት ትወርዳለህ፤ እምቢ ካልክ ቁልፉን አስቀምጠህ እንጀራህን ሌላ ቦታ ፈልግ።»

ሹፌሩ ጎማው ሥር የታሰረውን በግ አየት አደረገና እጅ ነሣ።

«እሺ ጌታዬ፣ እወርዳለሁ። በጉን ግን ይፍቱት፤ ለአንድ መኪና ሁለት መሥዋዕት ይበዛል። ደግሞ እኔ ሳልሻል አልቀርም፤ እሱን ለመጎተት ሁለት ጎረምሳ አስፈልጓል፣ እኔ ግን ወደ መታረጃዬ ራሴን እየነዳሁ እሄድልዎታለሁ።»

እንግዶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። መኪናው የዚያን ቀን ከግቢ አልወጣም።