የይርገዱ አዲስ ቤትና አልወጣ ያለው ውሃ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ የሚሰማ ይጠጋ፣ የሚያዛጋ ይተኛ።

ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን መንበሩን «ግቢያችንን ሸጠን አዲስ ፎቅ ቤት እንግዛ» ብላ ወተወተችው፤ ገዙ። አራተኛ ፎቅ ገቡ። ቧንቧውን ብትከፍተው ፉጨት ብቻ! መንበሩ ጉልበቱን እያመመው ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ስታይ፣ «ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!» አለች። አሁን የምትሻው ውሃ ብቻ ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛውን ስንሻውን ጠራች።

«እትዬ፣ ቧንቧው ደህና ነው። ውሃውን ወደ ፎቅ የሚገፋው ፓምፕ ካልተነሳ ምን ልሥራ?»

ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ ታደለ ወረደች።

«ታደለ፣ ፓምፑን አስነሳ፤ ፓምፑ ካልተነሳ ስንሻው አይሠራም፣ ስንሻው ካልሠራ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ መንበሩ ከሸክም አያርፍም።»

«የፓምፑ ክፍል ተቆልፏል፤ በምን ልግባ?»

ወደ ጥበቃው ወደ ጋሽ ደርቤ ሄደች።

«ጋሽ ደርቤ፣ ክፍሉን ይክፈቱ፤ ካልከፈቱ ታደለ አይገባም፣ ታደለ ካልገባ ፓምፑ አይነሳም፣ ፓምፑ ካልተነሳ ስንሻው አይሠራም፣ ስንሻው ካልሠራ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ መንበሩ ከሸክም አያርፍም።»

«ልጄ፣ ነዋሪው ተሰብስቦ ኃላፊ ሳይመርጥ እንዳትከፍት ተብያለሁ። እዚህ ደግሞ ሰው ከሰው አይነጋገርም።»

ተመልሳ ፊት ለፊቷ ያለውን በር አንኳኳች። ሽማግሌው አቶ ወልደየስ ገርበብ አደረጉት።

«አባባ፣ ይውጡ፤ ካልወጡ ነዋሪው አይሰበሰብም፣ ነዋሪው ካልተሰበሰበ ጋሽ ደርቤ አይከፍቱም፣ ካልከፈቱ ታደለ አይገባም፣ ታደለ ካልገባ ፓምፑ አይነሳም፣ ፓምፑ ካልተነሳ ስንሻው አይሠራም፣ ስንሻው ካልሠራ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ መንበሩ ከሸክም አያርፍም!»

«አልወጣም! ልጆቼ አትግዛ እያሉኝ በገዛ እጄ የገዛሁት ቤት ነው። አፍሬ ነው የተቀመጥኩት።»

ይርገዱ ወደ በሩ ጠጋ አለች። ከዚያ «እኔም እኮ እንደርስዎ ነኝ፤ ባሌን የወተወትኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺም?»

«እኔም!»

ሳቃቸው መጣ፤ ደረጃውን ሞላው። «ምን ተገኘ?» ብሎ ሦስተኛ ፎቅ በር ተከፈተ፣ ሁለተኛ ፎቅም ተከፈተ።

አቶ ወልደየስ ወጡ፣ ነዋሪው ተሰበሰበ፣ ይርገዱን ኃላፊ አደረገ፤ ጋሽ ደርቤ ከፈቱ፣ ታደለ ገባ፣ ፓምፑ ተነሳ፣ ስንሻው ዋናውን መስመር ለቀቀው፤ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ድፍርስ ተፋ፣ ከዚያ ኩልል ያለ ውሃ ወረደ። መንበሩም አረፈ።

በማግስቱ መንበሩ «እንግዲህ ይሄን ቤት እንሽጠው?» ቢላት፣

«የቱን? ቤቴን?» አለችው።

ተረቴ ሞላ። ለእናንተም ደጅ ለደጅ የሚጠራራ ጎረቤት ይስጣችሁ።