ጭሱ ደመና የነካው ከርከሮ

ድሮ ድሮ፣ ተራሮች ገና ዳዴ በሚሉበት ዘመን፣ ስሙን ዝናብ አጥቦ በወሰደው አንድ አገር፣ አያ ከርከሮ የሚባል ጌታ ነበር። በዚያ አገር የቤት ክብር የሚለካው በጭሱ ነው። ጭሱ ከወንዝ ማዶ ካልታየ «እዚያ ቤት ምን ጌታ አለና!» ይባላል። አያ ከርከሮማ ሲያነድ የደመናውን ቂጥ ይለበልብ ነበር። ንስር እንኳ በዚያ በኩል ካለፈ ክንፉ ተቃጥሎ በእግሩ ነው ወደ ጎጆው የሚገባው።

ክረምት ገባ። ዝናቡ ገና ሳይጋመስ የአያ ከርከሮ እንጨት አለቀ። ጫካ ወርዶ ቢለቅም እርጥብ ነው፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ያለቅሳል እንጂ አይነድም። ባቄላው ለብ ሲል እሳቱ ይጠፋል። ልጆቹ ጥሬውን ቆርጥመው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ሚስቱ የሻረግ፣ «ዛሬም ጥሬ ካበላኸን ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ይህን የመሰለ ጭስ ትተሽ?»

«ጭስህን ብላው!»

አያ ከርከሮ ደነገጠ። ደጅ ወጥቶ ቢያማትር፣ ከታች ከአሮጊቷ ከእመት ጃርት ጎጆ የሚወጣ ጭስ የለም። የበሰለ ባቄላ ሽታ ግን አፍንጫውን ይዞ ቁልቁል ጎተተው።

«እመት ጃርት፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለህ ልጄ?»

«ጭስዎ ቢጠፋብኝ የሞቱ መስሎኝ።»

«ብሞትማ ባቄላውን ማን ያወጣዋል?» አለችና ጥግ ያለውን የጭድ ክምር ቆፍራ ድስት አወጣች። ክዳኑን ስታነሳ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ባቄላው ቅቤ መስሏል። ምድጃው ላይ ግን እሳት የለ፣ ፍም የለ።

የአያ ከርከሮ ዓይን ከነፊቱ ሊወጣ ደረሰ። «በጭድ ነው እንዴ የሚያበስሉት?»

«አዎ፣ ግን ልጄ፣ መጀመሪያ...»

ማን ቆሞ ይስማት! ከክምሩ አንድ ሸክም ጭድ ታቅፎ ዳገቱን በረረ።

ቤቱ ደርሶ ጥሬ ባቄላ በቀዝቃዛ ውሃ ድስት ውስጥ ጨመረ፤ ጭድ ውስጥ ቀበረው፤ ላዩ ላይ ተቀመጠበት።

«አባዬ፣ ደረሰ?» አሉ ልጆቹ።

«ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

«አባዬ፣ ደረሰ?»

«ደርሷል አልኩ፣ ትንሽ ነው የቀረው!»

ፀሐይዋም ጠብቃ ጠብቃ ሰለቻትና ሄደች። ድስቱ ሲከፈት ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዟል፤ ባቄላው እንደ ጠጠር ይንኳኳል። የሻረግ ልጆቿን መሰብሰብ ጀመረች።

«ቆዪ! አሁን አነዳለሁ!» ብሎ አያ ከርከሮ የቤቱን ምሰሶ ነቀለ። ፈልጦ ማገደው። እሳቱ ተንቦገቦገ፣ ጭሱ ደመና ነካ፣ ማዶ ያሉት «አቤት ጌትነት!» አሉ። ምሰሶ የሌለው ጣሪያ ግን ዘጭ ብሎ እሳቱ ላይ ተቀመጠ። የተረፈውን ዝናቡ አጠፋው።

የሻረግ ልጆቿን አስከትላ በዝናብ ወደ እመት ጃርት ወረደች። አሮጊቷም አስገባች፣ አሞቀች፣ አበላች። አያ ከርከሮ ከኋላ ደርሶ ከደጅ ቆመ።

«እመት ጃርት፣ ጭድዎ ጉድ ሠራኝ።»

«ጭድ ምን ያድርግህ? ሙቀት ያቆያል እንጂ ሙቀት አይወልድ! ባቄላውን ከዋዜማው ዘፍዝፈው። ምድጃህን በጭቃ ክበበው፣ እሳትህን ነፋስ አይብላብህ። እንጨትህን ዝናብ ሳይመጣ አድርቀህ ጣሪያ ሥር ደርድር። ድስቱን ክደን። ደህና አድርጎ ሲፈላ አውጣና ጭድ ውስጥ ቅበረው፤ የቀረውን በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። መክፈት የለም፣ ማየት የለም።»

አያ ከርከሮ ራሱን አከከ። «ታዲያ ጭሱስ? ማዶ ያሉት ምን ይሉናል?»

«አሁንም ጭስ!» አለች የሻረግ፤ በሩንም ድርግም አደረገችበት።

ጌታው ከፈረሰው ቤቱ ያን ጠጠር ባቄላ ለቃቅሞ፣ በዝናብ እየቆረጠመ አደረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦

በጭስ የከበረ ጌታ፣ ጥሬ ይቆረጥማል ማታ።