የማይንቀጠቀጥ እጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ።

ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ፍርድ ላይ ስፈርም እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መቼ ነው የሚተወኝ?» ብለሻል። ዳኛ ከሆንሽ ገና ሦስት ወርሽ ነው። መልሱን ከሰውየው ውሰጂ።

ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱን በአንድ ክረምት ቀበረ። መሬቱን ዘመድ ወሰደበት። አራት ቀን በእግሩ ሄዶ አንዲት የገበያ ከተማ ገባ፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ ፀጉር ቆራጭ አስጠጋው። ሽማግሌው ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። «እስከ ፋሲካ ምላጭ መያዝ ከቻልክ እዚህ ትኖራለህ። ካልቻልክ ወደ መጣህበት» አለው። ጊዜው ጥር ነበር። የመጣበት ደግሞ አልነበረም።

ያኔ ምላጭ የሚባለው ታጣፊው ነው፤ ስለቱ ከእጀታው ውስጥ እንደ ሰንጢ ይዘረጋል። ለመለማመጃ የበግ ፊኛ ሰጡት። ፊኛው ይነፋል፣ አፉ ይታሰራል፣ የሳሙና አረፋ ይቀባል። አረፋውን ገፎ ፊኛውን ሳይነካ መተው ነው ሥራው። ሽማግሌው ከኋላው ቆሞ፣ «ስለቱን አታቁመው፣ አስተኛው። አትግፋ፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ግራ እጅህ ቆዳውን ካልወጠረልህ ቀኝ እጅህ ነፍሰ ገዳይ ነው» ይለዋል። ዘጠኝ ፊኛ ፈነዳበት። አንዱ በፈነዳ ቁጥር ደጅ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች «ነፍስ ይማር!» እያሉ ይስቃሉ። አሥረኛው አልፈነዳም።

ከዚያ በሕይወት ያለ ሰው ሰጡት። አንድ የበቅሎ ነጋዴ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ። ጎረምሳው የሚንቀጠቀጥ እጁን ጉንጩ ላይ አሳረፈ። ነጋዴው ምራቁን ዋጥ ሲያደርግ የጎረምሳው እጅ ዘለለ፤ ሲያስነጥስ ደግሞ ባሰ። አንዱ ጉንጭ ሳያልቅ ሁለት ቦታ ቆረጠው። ነጋዴው ግማሽ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ ብድግ አለ።

«አባቴ፣» አለ ለሽማግሌው፣ «እኔ ሰርግ ተጠርቼ ነው እንጂ ልታረድ አልመጣሁም። ይህን ጎረምሳ ቄራ አስገቡት።»

ሽማግሌው አልተቆጣም። የጎረምሳውን እጅ ይዞ ተመለከተው። «ሲነቃነቁብህ ነው የምትፈራው፤ የማይነቃነቁ አሉ» አለ።

በዚያች ከተማ ወንድ ሲሞት ጺሙ ሳይላጭ አይገነዝም ነበር። ታሞ የከረመ ሰው ጺም ያበቅላል፤ የበሽታውን ጺም ይዞ አፈር መግባት እንደ ነውር ይታያል። ለዚህ የሚጠራው ሽማግሌው ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጎረምሳውን ይልከው ጀመር።

ከውጭ ልቅሶ ነው። ከውስጥ ምላጩ ብቻ ነው የሚሰማው። የሞተ ሰው ቆዳ ሲወጥሩት እንደተወጠረ ይቆያል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ አይቸኩልም። ቢቆርጡትም አይደማም። ስለቱ የገባበት እንደ ሻማ ሰም ነጭ አፍ ከፍቶ ይቀራል። የመጀመሪያውን ሰው አምስት ቦታ ቆረጠው። የሚቀጥለውን ሦስት ቦታ። ማንም «አህ» አላለውም። ማንም አልተነሳበትም። ሲጨርስ አፋቸው እንዳይከፈት አገጫቸውን በጨርቅ አዙሮ አናታቸው ላይ ይቋጥራል። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ አንዱን አንድም ቦታ ሳይነካ ላጭቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ አየው። ቀጥ ብሏል።

ለፋሲካ ዋዜማ የከተማውን እኩሌታ እሱ ላጨው። ሽማግሌው አላመሰገነውም። መዶሻ አምጥቶ ከራሱ ምስማር አጠገብ ሌላ ምስማር መታለት፤ ምላጭ የሚስልበትን ጠፍር የሚሰቅልበት። ጎረምሳው ያን ቀን ቤት እንዳገኘ ገባው።

አንድ ዓመት አለፈ። ደንበኛው ብዙ ነበር፤ እጁን የማያመሰግን አልነበረም። ነገር ግን ከሽማግሌው ወንበር ላይ ሲያወካ የነበረ ሰው እሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ዝም ይላል። ዓይኑን ይጨፍናል። እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። «እጅህ ይበርዳል» ይሉታል። እሱም ፊታቸውን ሳያስፈቅድ ወዲያና ወዲህ ያዞራል፤ አንገታቸው ራሱ ይላላለታል።

አንድ ቀን አንድ የትምህርት ቤት መምህርን ላጭቶ ጨረሰ። ወዲያው ነጠላ ጨርቅ አነሳ፣ በአገጩ ሥር አዞረ፣ አናቱ ላይ ቋጠሮውን ማጥበቅ ጀመረ።

«አንተ! ጥርሴን መች አመመኝ?» አለ መምህሩ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። ጨርቁን መቼ እንዳነሳ ግን አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ አንድ የእህል ነጋዴ ሞተ ተባለ። ንዳድ ይዞት ሦስት ቀን ሰው አልለየም፤ ጎሕ ሲቀድ ትንፋሹ ጠፋ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተነገረ። ሰማዩ ከብዶ ነበርና ሁሉም ይጣደፋል። ጎረምሳው ሲደርስ ሁለት ገናዦች መግነዙን ቀደው በር ላይ ቆመዋል። ሚስትየው ፀጉሯን ተላጭታ ግድግዳ ተደግፋለች።

«ቶሎ በል ወንድሜ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን» አለው አንደኛው ገናዥ።

ገብቶ በሩን ዘጋ። የሟቹን ጺም አራሰ። ጉንጩን በግራ አውራ ጣቱ ወጠረ፤ ጣቱን ሲያነሳ ቆዳው ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን አየ፤ ሥራውን ቀጠለ። ገላው ለእጁ ሞቀው። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ሰማዩ ሳይከብድ ፀሐይ መትቶታል ብሎ አሰበ። የላይኛው ከንፈር ላይ ሲደርስ የአፍንጫውን ጫፍ ወደ ላይ ያዘና ስለቱን አስተኛ። ምላጩን ሲያነሳው ብረቱ ደብዝዟል። በብርድ ጠዋት መስታወት ላይ የተነፈሱበት ይመስል ነበር። ትከሻው ላይ ባለው ጨርቅ ጠረገው። መልሶ አስተኛው። መልሶ ደበዘዘ። መልሶ ጠረገው። ምላጭ ሲደበዝዝ ይጠረጋል፤ እጁ የተማረው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወደ ጉሮሮው ወረደ። ስለቱ ማንቁርቱ ጋ ሲደርስ ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ወረደ።

ቆረጠው። ከዓመት በላይ ማንንም ያልቆረጠው ሰው ቆረጠ። ነጩን አፍ ጠበቀ። ቀይ ነጥብ ወጣ።

መጀመሪያ የተሰማው ሐፍረት ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። ደም የሚያቆመውን ሸብ ከኪሱ አውጥቶ ተጫነው። ነጥቡ ጠፋ። ሸቡን ሲያነሳ ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ተጫነው።

«ጨረስክ?» አሉት ከውጭ።

«ጨረስኩ» ሊል አፉን ከፈተ። ደሙ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ፤ እንደ ክር ቀጥኖ በአንገቱ ላይ ወርዶ ትራሱን ነካ። ያን ጊዜ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ምላጩ ከእጁ አምልጦ መሬት ወደቀ።

በሩን ከፈተ። ሁሉም አዩት።

«ይደማል» አለ።

«ቆረጥከው እንዴ? ግድ የለም፣ ለሞተ ሰው ምን...» ብሎ ጀመረ ገናዡ። አልጨረሰውም። ሚስትየው ሁለቱንም ገፍትራ ገባች።

ነጋዴው ያን ቀን አልተቀበረም። ጉድጓዱን ዝናብ ሞላው። በአራተኛው ቀን አጥሚት ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ጉሮሮው ላይ ያለችውን ጠባሳ ለመጣው ሰው ሁሉ ያሳይ ነበር። ከተማው ፀጉር ቆራጩን እንደ ጻድቅ ያየው ጀመር፤ መንገድ ላይ እጁን የሚስሙት ነበሩ። እሱ ግን በሳምንቱ ጠፍሩን ከምስማሩ አወረደ፣ ሽማግሌውን ተሰናበተ፣ ከከተማዋ ወጣ። ያንን ምስማር ለማግኘት ምን ያህል እንደደከመ የሚያውቀው ሽማግሌው ብቻ ነበር፤ እሱም ለምን እንደሚሄድ አልጠየቀውም።

ለምን እንደሄደ ልንገርሽ። ማታ ማታ ወደ ኋላ ያስብ ነበር። እጁ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ የላጫቸውን ሙታን ሁሉ ቆርጧቸዋል፤ አንዳቸውም አልደሙም። እነዚያ ሞተዋል፤ በእነሱ መማል ይችላል። እጁ ቀጥ ካለ በኋላ ግን ማንንም አልቆረጠም። ከዚያ ወዲህ ስለላጫቸው የሚያውቀው የለም። ስንት እንደሆኑ እንኳ አያውቅም። ምላጩ ከንፈራቸው ላይ ደብዝዞ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። ምላጩ አልታየውም። የሚታወሰው ትከሻው ላይ የነበረው ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ጠረጴዛሽ ላይ የሚመጣው መዝገብ እንደዚያ አልጋ ላይ እንደተኛው ሰው ነው። አይነቃነቅም፣ አይጮህም። ሌሎች አይተው «አልቋል» ብለውታል። ደጅ የቆሙት ይቸኩላሉ፤ ጸሐፊሽ በበር ብቅ ብሎ «ጨረሽ?» ይልሻል። ዛሬ እጅሽ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ገጽ ሁለቴ ታነቢያለሽ፤ የተመሰከረውን መልሰሽ ትጠይቂያለሽ። ከወረቀቱ ሥር የሚተነፍስ ሰው እንዳለ የሚነግርሽ ያ መንቀጥቀጥ ነው። መቼ ይተወኛል አልሽ። ከምታስቢው በላይ ቶሎ ይተውሻል። አንድ ዓመት አይፈጅበትም። ሲተውሽ ያመሰግኑሻል፤ ፊርማዋ ቀጥ ያለ፣ ሥራዋ የተቀላጠፈ ይሉሻል። ከዚያ ወዲያ ምን እየጠረግሽ እንዳለፍሽ አንቺም አታውቂም። እንዳይተውሽ ምን ላድርግ ብለሽ ብትጠይቂኝ ይሻል ነበር።

ውሃውን ተይልኝ። ብርጭቆውን ራሴ እይዘዋለሁ፤ ትንሽ ቢፈስ ምንም አይደል። እዚህ ቤት የእጄን ነገር እርጅና ነው ትሉታላችሁ።

እርጅና አይደለም።